ሁለት ቀን፣ ሁለት አለባበስ

ተራራው ጫፍ ላይ ስንደርስ ክንዴን ወደ ታች ዘረጋሁት። ከእጅጌዬ ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ዝናብ አልነበረም። የገዛ ላቤ ነው።

ከጓደኛዬ ጋር ለሁለት ቀን በሳይክል ወጥተን ነበር፤ በመጀመሪያው ቀን አንድ ተራራ፣ በማግስቱ ሌላ። ስንነሳ አየሩ 8 ዲግሪ ነበር። ጫፉ ከተነሳንበት 1,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሙቀቱ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ፣ ላይ ስንደርስ ወደ 2 ዲግሪ እንደሚሆን አስልቻለሁ። ሂሳቡ ልክ ነበር። አለባበሴ ነው ያልሆነው። የጥጥ ካናቴራ፣ ከላዩ ወፍራምና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ለበስኩ።

ጓደኛዬ አየት አደረገኝና "አሁን ሞቆሃል?" አለኝ።

"አዎ፣ በጣም ተመችቶኛል።"

"እንግዲያው ልብስ አብዝተሃል። ስትነሳ ትንሽ ሊበርድህ ይገባል። 10 ደቂቃ ታገሥ፣ እግርህ ራሱ ያሞቅሃል።"

አልሰማሁትም። ሰውነታችን ፔዳል ስንረግጥ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሩብ ያህሉ ብቻ ነው ሳይክሉን የሚገፋው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዳገት ላይ ደግሞ ቀስ ብለን ስለምንሄድ የሚያበርደን ነፋስ የለም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ላቡ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ጃኬት ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው። ቁልቁለት ላይ እግር አይሠራም፤ ስለዚህ ሙቀትም አይመጣም። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስንወርድ ደግሞ ነፋሱን ራሳችን እንፈጥረዋለን። 2 ዲግሪ የነበረው አየር ፊት ላይ ከዜሮ በታች 5 ያህል ሆኖ ይሰማል። በዚያ ላይ የራሰ ጥጥ ከቆዳዬ ጋር ተጣብቋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል፤ ጥጥ ደግሞ አንዴ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጭ ጀመር። ትንሽ ወረድ ስንል ትከሻዬ ተንቀጠቀጠ፣ መሪውም አብሮ ተንቀጠቀጠ። ጣቶቼ ፍሬኑን ይያዙ አይያዙ አይሰማኝም ነበር። ጮኼ ጓደኛዬን አስቆምኩት። ዚፑን ልከፍት ብል ጣቴ አልታዘዝ አለኝ፤ በጥርሴ ነክሼ ጎተትኩት።

ጓደኛዬ ከኪሱ የታጠፈ ጋዜጣ አወጣና ደረቴ ላይ ዘርግቶ ጃኬቱን መልሶ ዘጋልኝ። የድሮ ተወዳዳሪዎች ዘዴ ነው። ተራራ ጫፍ ላይ ከመንገድ ዳር ጋዜጣ ተቀብለው ማልያቸው ስር እየከተቱ ይወርዱ ነበር። ወረቀቱ በተነፈስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ግን ነፋሱን አቆመልኝ።

ማታ ልብሳችንን ዘርግተን ስለ ጋቪያ አወራን። እ.ኤ.አ. በ1988 የጣሊያን ዙር ውድድር ከ2,600 ሜትር በላይ የሚረዝመውን ይህን ተራራ በበረዶ ውሽንፍር ተሻግሯል። ሆላንዳዊው ዮሃን ቫን ደር ቬልደ በአጭር እጅጌ ማልያ ጫፉ ላይ ቀድሞ ደረሰ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አስቆመው፣ ከ40 ደቂቃ በላይም ዘግይቶ ገባ። የአሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን ቡድን በበኩሉ ሞቅ ያለ ልብስ አዘጋጅቶ ነበር። ሃምፕስተን በዚያ ቀን መሪነቱን ያዘ፤ ውድድሩንም አሸነፈ። ይህን ታሪክ በሰማሁ ቁጥር የሚገርመኝ፣ ሰውየውን ያስቆመው ዳገቱ አለመሆኑ ነው።

በማግስቱ አለባበሴን ከሥሩ ቀየርኩ። ከቆዳዬ ቀጥሎ ሜሪኖ ከሚባል የበግ ዝርያ የሚገኝ ስስ ሱፍ። ሱፍ የክብደቱን ሲሶ ያህል እርጥበት ይዞም ሰውነት ላይ አይቀዘቅዝም። ከላዩ ረጅም እጅጌ ማልያ፤ ከዚያ ጓደኛዬ ያዋሰኝ ሰደርያ፣ ፊቱ ነፋስ የማያስገባ፣ ጀርባው ወንፊት የሆነ። ስሱ የዝናብ ጃኬት ተጠቅልሎ ኪሴ ገባ። የዝናብ ጃኬት ጨርቁ የቱንም ያህል ቢተነፍስ የዳገት ላብ አይችልም፤ ዝናብ ወይም ቁልቁለት እስኪመጣ ቦታው ኪስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ከውዱ ጃኬት በፊት ሰደርያውን እመርጣለሁ። ደረትን ይሸፍናል፣ ክንድን ያስተነፍሳል፣ ሲወልቅ በጭብጥ ይያዛል።

ጃኬት ቆሞ አይለካም። መሪ እንደያዘ ሰው ጎንበስ ብሎ ነው። ወገብ ከተራቆተ ወይም እጅጌው ከእጅ አንጓ ከሸሸ ያ ጃኬት ለሳይክል አይሆንም። በጣም ሰፊ ከሆነ ደግሞ እንደ ባንዲራ እየተርገበገበ ብርዱን ወደ ውስጥ ያስገባል።

ስንነሳ በረደኝ፤ በጣም። ታገሥኩ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ዚፑን ዝቅ አደረግኩ። ላብ ሳይጀምረኝ ነው የከፈትኩት፤ ከጀመረ በኋላ መክፈት ብዙም አይረዳም። ዳገቱ ሲጠና ሰደርያውን አወለቅኩ። ጫፉ ላይ ገና ትኩስ እንዳለሁ፣ ፎቶም ሳልነሳ፣ ከፌስታል ውስጥ ደረቅ ካናቴራ አውጥቼ ለወጥኩ። ከዚያ ሰደርያው፣ ከላዩ የዝናብ ጃኬቱ፣ ዚፑ እስከ አገጬ ድረስ። የጓንቴንም አፍ በእጅጌዬ ላይ ሳብኩት።

ወረድን። መታጠፊያዎቹን ቆጠርኳቸው፤ ጣቶቼ ፍሬኑን እያንዳንዱ ላይ ይሰማቸው ነበር።

ታች ስንደርስ ጓደኛዬ መዳፉን በአንገቴ በኩል ወደ ጀርባዬ ሰደደ።

"ደረቅ ነው" አለ።

ሰደርያውን ላወልቅለት ስል እጄን ያዘኝ። "ተወው፣ ገና አንድ ዳገት ይቀረናል። ዚፑን ብቻ ክፈተው።"