ሲኒውን ማን ሰጠ? በአማርኛ የጽሑፍ ጨዋታ ስሠራ ያገኘሁት ልምድ

«ለማን ነው የሰጠሁት?»

ታናሽ እህቴ እንዲህ ብላ ስልኳን አሳየችኝ። ስክሪኑ ላይ «ሲኒውን ሰጠሽ» ይላል። እሷ ግን ለማንም ምንም አልሰጠችም። የሆነው ተቃራኒው ነው። ጨዋታው ውስጥ ክፍሉ ጨለማ ነበር። የአክስቴ ልጅ ካራክተር ይማም በዚያ ጨለማ ሲኒ አቀበላት። መልእክቱ «ይማም ሲኒውን ሰጠሽ» መሆን ነበረበት። ጨለማ ስለሆነ ግን ኮዱ የሰጪውን ስም አወጣውና «ሲኒውን ሰጠሽ» ብቻ ቀረ። «አንቺ ሰጠሽ» እና «እሱ ሰጠሽ» በአማርኛ አጻጻፋቸው አንድ ነው። ስሙ ሲወጣ ሰጪና ተቀባይ ቦታ ተለዋወጡ።

አራት ወር የለፋሁበትን ነገር ለመጻፍ የወሰንኩት ያን ማታ ነው። እናንተም በአማርኛ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለመሥራት ካሰባችሁ፣ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ ጊዜያችሁን እንዳታጠፉ።

ጨዋታው ሥዕል የለውም። ሁሉ ነገር በጽሑፍ ነው። ቦታው ደሴ ነው፤ ፒያሳ፣ አራዳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ቧንቧ ውሃ እያላችሁ ትዞራላችሁ። ጦሳ ላይ ስትወጡ ጉም ይሸፍናችኋል። ጀበና፣ ሲኒ፣ ፋኖስ፣ ጋቢ፣ ቁልፍ ታነሳላችሁ፣ ታስቀምጣላችሁ፣ ለሰው ትሰጣላችሁ። ሰርቨሩ የእኔ ላፕቶፕ ነው። እሁድ እሁድ ቤት ስንሰበሰብ ሁሉም በስልኩ ብሮውዘር በቤቱ ዋይፋይ ይገባል። የአክስቴ ልጅ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ይመጣል። የሠራሁበት መሣሪያ ኤቬኒያ ይባላል። በፓይተን የተጻፈ ነው፣ በነፃ ይገኛል።

ዕቃ ሲነሳ ወይም ሲሰጥ ጨዋታው አንድ መልእክት አይልክም። ቢያንስ ሁለት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ይልካል። ከድጃ የምትባል ተጫዋች ለይማም ሲኒ ሰጠች እንበል። አንዱ መልእክት ለሠሪው፣ ማለት ድርጊቱን ለፈጸመው ተጫዋች ነው፦ «ሲኒውን ለይማም ሰጠሽው»። አንዱ ለተቀባዩ፦ «ከድጃ ሲኒውን ሰጠችህ»። ሦስተኛው ክፍሉ ውስጥ ላሉት ለሌሎቹ፦ «ከድጃ ሲኒውን ለይማም ሰጠችው»። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ነው።

ይህ አሠራር የቆየ ነው። ብዙ ሰው አብሮ የሚጫወትበት የመጀመሪያው የጽሑፍ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1978 በእንግሊዝ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። የጀመረው ሮይ ትሩብሾው ነው፤ በኋላ ሪቻርድ ባርትል ተቀብሎ ቀጠለው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ታይኒማድ የተባለ ጨዋታ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን መልእክት እንዲይዝ አደረገ። ዕቃውን ስታነሱት ለእናንተ የሚወጣ አንድ ጽሑፍ አለ፤ ለሌሎች የሚወጣ ደግሞ ሌላ። ለሌሎች በሚወጣው ፊት ጨዋታው የሠሪውን ስም ራሱ ይቀጥልበታል። ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራው ዲኩማድ የተባለ ሌላ ጨዋታ ደግሞ በዓረፍተ ነገሩ መሐል ምልክት ያስቀምጣል። የዶላር ምልክትና አንድ ፊደል ሲያይ የሠሪውን ስም፣ የተቀባዩን ስም፣ የዕቃውን ስም እያወጣ ይሞላል። ተመልካቹ ሠሪውን ማየት ካልቻለ በስሙ ፋንታ «አንድ ሰው» የሚል ቃል ይተካል። ለእንግሊዝኛ ይህ በቂ ነበር። ኤቬኒያ ግሡንም ይጨምራል፤ ለሠሪው አንድ መልክ፣ ለሌሎች መጨረሻው ላይ አንዲት ፊደል የተጨመረችበት መልክ።

አማርኛ ላይ ግን አንዲት ፊደል አትበቃም።

መጀመሪያ የገጠመኝ ግሡ አልነበረም፤ የዕቃው ስም ነበር። «ሲኒ» ላይ «ውን» ስጨምር «ሲኒውን አነሳህ» አለኝ። ደስ አለኝ። «ፋኖስ» ላይ ስሞክረው «ፋኖስውን አነሳህ» አለ። እንዲህ የሚል ሰው የለም። «ፋኖሱን» ነው የምንለው። መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ፊደሉ ራሱ መለወጥ አለበት፣ «ስ» ወደ «ሱ»። የሚለወጡትን ፊደላት አንድ በአንድ መዘርዘር ጀምሬ ነበር። ከዚያ ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበትን የዩኒኮድን ሠንጠረዥ ሳየው በጣም የሚያምር ነገር አገኘሁ። የግዕዝ ፊደላት ስምንት ስምንት ቦታ እየያዙ ነው የተደረደሩት። የሳድሱ ቁጥር ለስምንት ሲካፈል ቀሪው 5 ነው። ካዕቡ ከሳድሱ አራት ቦታ ቀድሞ ይገኛል። ስለዚህ ከቁጥሩ ላይ 4 መቀነስ ብቻ ነው። «ስ» «ሱ» ይሆናል፣ «ብ» «ቡ» ይሆናል፣ «ፍ» «ፉ» ይሆናል። ቁልፉን፣ መሶቡን፣ ፋኖሱን። አንድ መስመር ኮድ ሁሉንም ፈታው።

እህቴ ደግሞ «ጀበናዋን በላት እንጂ፣ ጀበናውን ምንድን ነው?» አለችኝ። ልክ ናት። ቤታችን ውስጥ ጀበናን ማንም በወንድ ጠርቷት አያውቅም። ስለዚህ ዕቃም ጾታ አለው። ለሴት ሲሆን 4 መቀነሱ ቀርቶ ለአብዛኞቹ ፊደላት 2 መደመር ነው፤ ለ«ቅ»፣ «ክ» እና «ግ» ግን 6። «ስ» «ሷ» ይሆናል፣ «ፋኖሷን» ይመጣል። አሁን እያንዳንዱን ዕቃ ስፈጥር ወንድ ይሁን ሴት እመርጣለሁ። ጀበናዋ ሴት ናት፣ ዱላው ወንድ ነው።

ወደ ግሡ ስመጣ ነገሩ ከበደ። «ጠጣ» ለሠሪው «ጠጣህ» ወይም «ጠጣሽ» ነው። ለሌሎች «ጠጣ» ወይም «ጠጣች» ነው። አራት መልክ ጽፌ ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ አጎቴ ሊጠይቁን መጡና ልጆቹ ስልክ ሰጥተው አስገቧቸው። ቡና ጠጡ። ስክሪኑ «ቡናውን ጠጣህ» አላቸው። ዝም ብለው ካነበቡት በኋላ «ይሄ አንተ የሚለኝ ማነው?» አሉ። አፈርኩ። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው አጎቱን «ጠጣህ» አይልም። ጨዋታውን የጻፍኩት እኔ ከሆንኩ ደግሞ «አንተ» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

በዚያው ሌሊት አንቱታን ጨመርኩ። ተጫዋቹ ሲመዘገብ አንተ፣ አንቺ ወይም አንቱ ብሎ ይመርጣል። ደስ የሚለው፣ አንቱታ ሥራ ያቀልላል። «አንቱ ጠጡ» እና «እሳቸው ጠጡ» አንድ መልክ ናቸው። ለሠሪውም ለሌሎችም «ጠጡ» ይበቃል። አክብሮት የሚሰጠው ግን ሌላው ተጫዋች አይደለም፣ ተራኪው ነው። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ሲያወሩ እንደፈለጉ ይጠራሩ። እዚያ ውስጥ ኮዴ አይገባም።

«ሰጠ» ላይ ሁለት ሳምንት ፈጀሁ። የሰጪው ጾታና ክብር፣ የተቀባዩ ጾታና ክብር፣ ሁለቱም ግሡ ውስጥ ይገባሉ። ሦስት ዓይነት ሰጪ፣ ሦስት ዓይነት ተቀባይ፣ ሦስት ዓይነት መልእክት (ለሰጪው፣ ለተቀባዩ፣ ለሌሎቹ)። ሰጠኸው፣ ሰጠሃት፣ ሰጠሻቸው፣ ሰጠችህ፣ ሰጠዎት፣ ሰጡሽ፣ ሰጧት እያልኩ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው። 27 ናቸው። የተደገሙት ሲወጡ 24 ይቀራሉ። ይህ ለአንድ ግሥ ነው። «አሳየ»፣ «ወረወረ»፣ «አበደረ» ገና አልመጡም።

መፍትሔው ከኮድ አልመጣም። እናቴ ቡና ስታቀርብ ስሰማት መጣ። ሲኒውን የያዘችው እሷ ናት፤ የምትለው ግን «ተቀበል» ነው። ለተቀባዩ ስለ ራሱ ድርጊት ትነግረዋለች። እኔ ለተቀባዩ ስለ ሰጪው ስተርክለት ነበር። ስለዚህ የተቀባዩን ዓረፍተ ነገር ቀየርኩት፦ «ሲኒውን ከከድጃ ተቀበልክ»። አሁን ግሡ ስለ ሰጪው ምንም ማወቅ አያስፈልገውም። ዘጠኙ መልክ ወደ ሦስት ወረደ፤ ተቀበልክ፣ ተቀበልሽ፣ ተቀበሉ። ሲነበብም ይሻላል፣ ምክንያቱም ተጫዋቹ የራሱን እጅ ያያል። ለሠሪውና ለሌሎች የሚሄዱትን ግን እንዳሉ ተውኳቸው። «ለይማም ሰጠች» ማለት ቢቻልም ጆሮዬ «ሰጠችው»ን ይፈልጋል።

ረጅም መልእክት የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። «ጀበናዋን አንስተህ ቀዳህ» ውስጥ የሚለወጠው «ቀዳህ» ብቻ አይደለም። «አንስተህ»ም አንስተሽ፣ አንስተው፣ አንስታ ይሆናል። በአንድ መልእክት ውስጥ ከሁለት ግሥ በላይ አላስገባም። ለምሳሌ የጀበናዋን መልእክት ያሳመረው የግሡ ብዛት አይደለም፣ ዕቃዋ መቁጠሯ ነው። መጀመሪያ ስትቀዱ «አቦሉን» ይላል፣ ቀጥሎ «ቶናውን»፣ ከዚያ «በረካውን»። አራተኛ ስትሞክሩ ጀበናዋ ባዶ ናት።

ትእዛዝ አጻጻፉን በአጭሩ ልናገር። ኤቬኒያ ግሡን መጀመሪያ ይጠብቃል። እኛ «ቡናውን ጠጣ» ነው የምንለው። የትእዛዝ አንባቢውን በራሴ ተካሁትና የመጨረሻውን ቃል ግሥ አድርጎ እንዲይዝ አደረግኩ። የሚያስቸግር አልነበረም።

አሁን ወደ ጨለማው ልመለስ። ስሙን በ«አንድ ሰው» ብተካው «አንድ ሰው በሩን ከፈተች» ይላል። ስሙ ተደብቆ ጾታው ይወጣል። ተጫዋቾቹ በዚህ ብቻ ማን እንደሆነ አወቁ። ሁልጊዜ በወንድ ባደርገው ደግሞ ከድጃን ወንድ አደርጋታለሁ። አማርኛ ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። በጨለማ ውስጥ ሠሪው ሲጠፋ ዕቃው ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ይሆናል፦ «በሩ ተከፈተ»፣ «ፋኖሱ ተነሳ»፣ «ሲኒ ሲጋጭ ተሰማ»። የሠሪው ጾታ የለም፣ ስሙ የለም፣ ግሡም የሚከተለው የዕቃውን ጾታ ብቻ ነው። ለመስጠት ደግሞ «ከጨለማው አንድ እጅ ሲኒ አቀበለሽ» አልኩ። እጁ የማንም ሊሆን ይችላል። «ሰጠ»ን ትቼ «አቀበለ»ን የመረጥኩት ሆን ብዬ ነው። «አንቺ አቀበልሽ» እና «እሱ አቀበለሽ» በጽሑፍ ይለያያሉ። እህቴን ያሳሳታት ዓይነት ስህተት እዚህ አይፈጠርም።

ይህን ካስተካከልኩ በኋላ አንድ ጊዜ ተጫውተናል። አጎቴም ነበሩ። «በረካውን ጠጡ» የሚለውን አነበቡና «መርቅ» ብለው ጻፉ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሠራሁም ነበር። አሁን እሱን እየጻፍኩ ነው። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ሠሪ፣ ተቀባይና ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው አለው። ምርቃት ላይ ግን ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ተመራቂ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልጉኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ናቸው፣ አንዱ ለመራቂው፣ አንዱ ለሌሎቹ ሁሉ። «አሚን» የሚለውን ማን ይበል፣ ጨዋታው ራሱ ወይስ እያንዳንዱ ተጫዋች ይጻፈው የሚለውን ገና አልወሰንኩም። እስከ እሁድ ድረስ እህቴን እጠይቃታለሁ።