ከሁለቱ አንዱን መረጥኩ

ዛሬ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ለትርፍ ሰዓት ሥራ ተፈተንኩ። ያመለከትኩት ሁለት ቦታ ነበር። አንዱ መጋዘን ነው፤ ሲሚንቶና ብረት ማውረድ፣ ክፍያውም ይሻላል። ሌላው ይሄው መደብር ነው፤ ደንበኛ ማስተናገድ።

የመደብሩ ኃላፊ ብዙም አልጠየቀኝም። አሮጌ ብሎን እጄ ላይ አስቀመጠና «ዳዶውን ፈልግለት» አለኝ፤ ብሎኑ ላይ የሚጠመዘዘውን ማለቱ ነው። በዓይኔ ገምቼ ባለ 10 አነሳሁ፣ ዳዶው ሰፍቶ ሾልኮ ወጣ። ካሊፐር፣ ማለትም ውፍረት መለኪያ፣ አቀበለኝ። ለካ ባለ 8 ሚሊሜትር ነው፣ እኔ ጭንቅላቱን አይቼ ነው የተሳሳትኩት፤ ጭንቅላቱን የሚፈታው 13 ቁልፍ ነው፣ የብሎን ቁጥር የሚባለው ግን ጥርስ ያለበት ዘንጉ ውፍረት ነው። ትክክለኛው ዳዶ በጣቴ ስገፋው እየተሽከረከረ ሲገባ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ማታ ሁለቱም ደወሉ። ገንዘቡ ያስፈልገኛል፣ አልዋሽም። ግን ቧንቧ የፈነዳበት ሰው እየሮጠ ሲመጣ ምን እንደምሰጠው ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ይሄን ደግሞ ሲሚንቶ በመሸከም አልማረውም። መደብሩን መረጥኩ። የሥራ ቀናቱንና የሰዓት ክፍያውን ግን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ጠይቄያለሁ፣ እናንተም ይሄን እንዳትረሱ። ቅዳሜ እጀምራለሁ።