አለቃው ሄደ፣ ጥያቄው ቀረ

ሰሞኑን የኢሰን ጆርዳን ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። ሰውየው የሲኤንኤን የዜና ዋና ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2005 ዳቮስ፣ የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ላይ ኢራቅ ውስጥ ስለተገደሉ ጋዜጠኞች ሲያወራ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ሆን ብለው ያነጣጠሩባቸው አሉ የሚል ነገር ከአፉ ወጣ ተባለ። አብሮት መድረክ ላይ የነበረው የኮንግረስ አባል ባርኒ ፍራንክ፣ ምን ማለትህ ነው አብራራ ብሎ ያዘው። እሱም ንግግሩን ማለዘብ ጀመረ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ፌብሩዋሪ 11 ሥራውን ለቀቀ። 23 ዓመት የሠራበትን ቤት!

ብዙ ሰው ይሄን ተጠያቂነት ነው አለ። እኔ ግን አይዋጥልኝም። በትክክል ምን እንዳለ እንኳን አልሰማንም እኮ። ውይይቱ ተቀርጿል፤ ፎረሙ ግን ንግግሩ ለሕዝብ የታሰበ አልነበረም ብሎ ቅጂውን አልሰጥም አለ። ጆርዳንም ሲሰናበት፣ ወታደሮች ጋዜጠኛ መሆናቸውን እያወቁ ገደሉ ብዬ አላውቅም፣ አላምንምም አለና ወጣ። አለቀ።

ተራ ሰው እንዲህ ቢል ወሬ ነው። እሱ ግን ባግዳድ ውስጥ ሪፖርተርና ካሜራ፣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጠበቃ የነበረው ሰው ነው። ማስረጃ ካለህ ዜና አድርገህ አውጣው፣ ስምህን ከሥሩ አስቀምጥ። ከሌለህ ደግሞ መልስ መስጠት በማይችል ወታደር ላይ፣ ሀብታሞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ የነፍስ ግድያ አትለጥፍ።

የሚያናድደኝ እውነተኛው ጥያቄ እዚያው አጠገቡ መኖሩ ነው። ኤፕሪል 8፣ 2003 ባግዳድ ውስጥ ድልድይ ላይ የቆመ የአሜሪካ ታንክ የውጭ ጋዜጠኞች የሞሉበትን ፍልስጤም ሆቴል መታው። የሮይተርሱ ታራስ ፕሮትስዩክና የስፔኑ የቴሌሲንኮ ካሜራማን ሆሴ ኩሶ ሞቱ። በዚያው ዕለት የአልጀዚራ ቢሮ በአሜሪካ የአየር ጥቃት ተመትቶ ታሬቅ አዩብ ተገደለ። የጋዜጠኞች ጥበቃ ኮሚቴ የሆቴሉን ጉዳይ መርምሮ ሆን ተብሎ አልተደረገም፣ ግን ማስቀረት ይቻል ነበር አለ። አለቆቹ ሆቴሉ ጋዜጠኛ እንደሞላበት ያውቃሉ፣ መረጃው ግን ታንኩ ውስጥ ላሉት ልጆች አልደረሰም። ይሄ ራሱ ስንት ጥያቄ ያስነሳል! ለምን አልደረሰም? ማን ነው ያላደረሰው? "ሆን ብለው ገደሉ" ስትል ግን ክርክሩ ሁሉ ስለ አንተ ምላስ ይሆናል፣ መረጃውን ያላደረሰው መኮንን እፎይ ይላል።

የእንግሊዙ ጋዜጣ የዴይሊ ሚረር ነገር ደግሞ ይብሳል። ሜይ 2004 ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች ኢራቃዊ እስረኛ ላይ ሲሸኑበት ያሳያሉ የተባሉ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች አወጣ። ነገሩን የሚያውቁ ሰዎች ፎቶውን አገላብጠው አዩትና መኪናውን ጠረጠሩ። መከላከያው ያ የጭነት መኪና ኢራቅ ገብቶ አያውቅም አለ። ፎቶዎቹ የውሸት ናቸው ተባለ፣ አዘጋጁ ፒርስ ሞርጋን ሜይ 14 ተባረረ። ይገባዋል፤ ለማጣራት ስንት ጊዜና ስንት ባለሙያ ነበረው።

ግን ፎቶው ላይ ያሉት የእሱ ወታደሮች ናቸው በተባለው የጦር ክፍል ውስጥ፣ ክዊንስ ላንካሻየር ሬጅመንት፣ ፎቶው ከመውጣቱ በፊት በሴፕቴምበር 2003 ባስራ ላይ ባሃ ሙሳ የሚባል የ26 ዓመት የሆቴል ሠራተኛ በእጃቸው ሞቷል። ሰውነቱ ላይ 93 ጉዳት ተቆጠረ። ይሄ የእውነት ነው። አንድ ወታደር በ2006 ጥፋቱን አምኖ አንድ ዓመት ታሰረ፣ ሙሉው ምርመራ የወጣው ደግሞ በ2011 ነው። እስቲ አስቡት፣ የውሸቱ ፎቶ ሲጋለጥ ስንቱ ሰው "ሁሉም ፈጠራ ነው" ብሎ እንደተገላገለ።

ደግሞ ማን እንደሚባረር ልብ በሉ። በ1998 ሲኤንኤን የአሜሪካ ወታደሮች በ1970 ላኦስ ውስጥ ሳሪን የሚባል ገዳይ መርዛማ ጋዝ ተጠቅመዋል ብሎ ዘገበ፣ ማስረጃው አልቆም ሲል በአንድ ወር ውስጥ ዘገባውን መልሶ ሳበው። ሁለት ፕሮዲውሰሮች ተባረሩ። የድርጅቱ ኃላፊ ይቅርታ ጠየቀና ወንበሩ ላይ ቆየ።

ስለዚህ ሰዎች ሲለቁ ማጨብጨብ አልችልም። መልቀቂያ ደብዳቤ ጽፎ መሄድ ቀላል ነው። እኔ የምፈልገው አለቃው ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብሎ ይሄን ነገር ከማን ሰማህ፣ ምን አየህ፣ ለምን ስርጭት ላይ አላወጣኸውም ተብሎ እንዲጠየቅ ነው። ጆርዳን ከሄደ ከስምንት ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 2005፣ አንድ የስፔን ዳኛ በኩሶ ሞት ጉዳይ ሦስት የአሜሪካ ወታደሮች እንዲያዙ ትእዛዝ አወጣ። ጆርዳን ያን ጊዜ ምን ያውቅ እንደነበር በማስረጃ ቢናገር ስንቱን ነገር በጠቀመ ነበር።