ጆሮ ያላመነውን አፍ ቢደጋግመው

ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ «ስኬታማ ነኝ፣ ብርቱ ነኝ፣ የዕድል ማግኔት ነኝ» ማለት የጀመረ ሰው በሦስተኛው ቀን ቢተወው ሰነፍ ነው ማለት አይደለም። አፉ ያለውን ጆሮው አላመነውም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ደግሞስ በአማርኛ ራሱን «ማግኔት ነኝ» የሚል ማን አለ? አፈርሜሽን የሚባለው፣ ስለ ራስ ጥሩ ቃል እየደጋገሙ ለራስ የመናገር ልማድ፣ ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ከመነገሩ በፊት፣ ዓረፍተ ነገሩ ሲመረጥ ነው።

ልማዱን በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ ኤሚል ኩዌ (እ.ኤ.አ. 1857–1926) የተባለ ፈረንሳዊ ፋርማሲስት ነበር። ሰዎች ጠዋት ሲነሱና ማታ ሲተኙ «በየቀኑ፣ በሁሉም ረገድ፣ እየተሻለኝ ነው» እንዲሉ ያስተምር ነበር፤ 20 ጊዜ፣ ለራስ ጆሮ በሚሰማ ድምፅ፣ 20 ቋጠሮ ባለው ገመድ እየቆጠሩ። ብዙዎች ከእሱ የወሰዱት ቁጥሩን ብቻ ነው። እኔ ግን ሙያው ያለው ግሡ ላይ ይመስለኛል። «ድኛለሁ» አላለም፣ «እየተሻለኝ ነው» አለ። «ድኛለሁ» የሚለውን የታመመ ሰው ወዲያው ውሸት መሆኑን ያውቃል። «እየተሻለኝ ነው» የሚለውን ግን አይሆንም ብሎ ለመከራከር ያስቸግራል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች «እኔ ተወዳጅ ሰው ነኝ» የሚል ዓረፍተ ነገር በደወል ምልክት እየደጋገሙ ለራሳቸው እንዲሉ ተደረገ። ቀድሞውኑ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን ካልደጋገሙት መሰሎቻቸው የባሰ ስሜት ተሰማቸው። ለራሳቸው ጥሩ ግምት ያላቸው ደግሞ ትንሽ ተጠቀሙ። መድኃኒቱ በብዛት የሚታዘዘው ለሚጎዳው ሰው ነው ማለት ነው። ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ይመስለኛል፦ «ተወዳጅ ነኝ» ባሉ ቁጥር ውስጣቸው ያለው ተከራካሪ «እነማን ወደዱሽ?» ብሎ ማስረጃ ይጠይቃል፣ የሚመጣውም ማስረጃ የተቃራኒው ነው።

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደን እናርመው። መነሻው «በራሴ እተማመናለሁ» ይሁን። አንድ ጊዜ ጮክ ብላችሁ በሉትና ውስጣችሁ ምን ብሎ እንደመለሰ ጻፉ። «ባለፈው ስብሰባ አንድ ቃል አልተነፈስክም» ካለ በጣም ጥሩ፣ መጠገን ያለበትን ቦታ ነግሯችኋል። አሁን ስለ ማንነት መናገሩን ትተን ስለ ድርጊት እንናገር፦ «ስብሰባ ላይ ጥያቄ እጠይቃለሁ»። ይህም ገና ልቅ ነው፤ መቼ? ስንት? «ነገ ስብሰባው ላይ፣ አጀንዳው ተነቦ እንዳለቀ፣ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ»። ተከራካሪው አሁንም «ድምፅህ ይንቀጠቀጣል» ይላል። አትካዱት፣ አስገቡት፦ «ድምፄ ቢንቀጠቀጥም፣ አጀንዳው ተነቦ እንዳለቀ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ»። ይቺ «ቢ…ም» የአማርኛ ትልቅ ስጦታ ናት። ፍርሃቱን ሳትክድ ግሡን ለድርጊቱ ትሰጠዋለች። በመጨረሻ ምን ያህል እንደምታምኑት ከ0 እስከ 10 ነጥብ ስጡት። የእኔ ልክ 7 ነው፤ ከዚያ ካነሰ ድርጊቱን ማሳነስ ነው፣ ድምፅን ማጉላት አይደለም።

«አጀንዳው ተነቦ እንዳለቀ» የሚለው ቁራጭ ለጌጥ አልገባም። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው፦ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» ተብሎ ከምልክት ጋር የታሰረ ሐሳብ፣ «እንዲህ ማድረግ እፈልጋለሁ» ከሚለው ይልቅ ወደ ተግባር ይደርሳል። ምልክቱ ሲመጣ ላድርግ አላድርግ ብሎ መማከር ይቀራል።

ከመዝገባችሁ ብታወጧቸው የምላቸው ቃላትም አሉ። «አልፈራም» ውስጥ የሚሰማው ፍርሃቱ ነው፤ ምን እንደማታደርጉ እንጂ ምን እንደምታደርጉ አይነግራችሁም። «ማድረግ አለብኝ» ደግሞ የባለዕዳ ንግግር ነው፤ ገንዘብ ስንበደርም «አለብኝ» ነው የምንለው፣ ዕዳ ያለበት ሰው ደግሞ ይሸሻል። ውጤቱ በሌላ ሰው እጅ ያለውንም ተዉት። «ፈተናውን አልፋለሁ» የፈታኙንም ድርሻ ይጨምራል። «ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ስልኬን ሌላ ክፍል አስቀምጬ 10 ጥያቄ እሠራለሁ» ግን ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

አነጋገሩ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ችግር አለ። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፣ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ መጨረሻውን ይውጣል። «አንድ ጥያቄ እጠይ…» ብሎ ድምፁ ይሟሟል፤ የተዋጠው ቃል የተስፋው ቃል ነው። ስልካችሁ ላይ ቅዱትና አዳምጡ። «እጠይቃለሁ» እስከ «ሁ» ድረስ ካልተሰማ፣ ወይም ድምፁ መጨረሻ ላይ ወደ ላይ ወጥቶ ጥያቄ ከመሰለ፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ቆማችሁ፣ አየር አስወጥታችሁ፣ ከጎናችሁ ላለ ሰው በምትናገሩበት መጠን በሉት። መጮህ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር 5 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ በየመሃሉ አንድ ትንፋሽ እየወሰዳችሁ 5 ጊዜ ብትሉት አንድ ደቂቃ አይሞላም። በአንድ ወቅት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቢበዛ ሁለት። አሥርና አሥራ አምስት ተደርድሮ የሚነበብ ከሆነ አፍ ይሠራል፣ ጆሮ ይተኛል።

ሰዓቱን ለማስታወስ ሲባል አላርም ከመሙላት ይልቅ ቀድሞ ካለ ልማድ ጋር ማሰር ይሻላል፤ ጥርስ ከተቦረሸ በኋላ፣ ወይም የበሩን እጀታ ከመያዝ በፊት። አንድ ቀን ቢረሳ ከዜሮ አይጀመርም። «በ21 ቀን ልማድ ይሆናል» የሚባለውንም አትጠብቁ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት አንድ ድርጊት ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጅቷል፣ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን ያን ያህል አልጎዳውም።

የጭንቅ ሰዓት ሌላ ነው። ንግግር ልታደርጉ 5 ደቂቃ ሲቀራችሁ ልባችሁ እየደለቀ «ተረጋግቻለሁ» ብትሉ ልባችሁ ራሱ ይመሰክርባችኋል። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት ከንግግር በፊት «ጓጉቻለሁ» ያሉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ጉጉትም ፍርሃትም ልብ ያስደልቃሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ከድለቃ ወደ ጸጥታ ከመውረድ ይቀላል። በዚያው ዓመት የኢታን ክሮስ ቡድን ያሳተመው ደግሞ ራስን በስም ወይም በሁለተኛ መደብ ማናገር ጭንቀትን እንደሚያቀል አሳይቷል። ስለዚህ ጠዋት «እጠይቃለሁ» ያለችው ሴት በሩ ላይ ስትደርስ ስሟን ጠርታ «ማስታወሻሽን ያዢ፣ የመጀመሪያዋን መስመር አንብቢ» ብትል ትጠቀማለች። ለጓደኛ የሚነገር ዓይነት ትእዛዝ ይሁን፣ አጭርና ደግ። ራሱን «አንቱ» የሚል ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1977 የ«እችላለሁ» ስሜት ከየት እንደሚመጣ ሲዘረዝር የሚያበረታታ ቃልንም ቆጥሯል፤ ከሁሉ የበረታው ግን ሰው ራሱ ሠርቶ የተሳካለት ነገር ነው። ለዚህ ነው ድርጊቱን ትንሽ አድርጉ የምለው፤ ቃሉ እስከ በሩ ያደርሳል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራው ይጨርሳል። ደብተር ላይ ሁለት ዓምድ አስምሩ፣ «አልኩ» እና «አደረግሁ»። በሁለት ሳምንት ውስጥ «አልኩ» 14 ሆኖ «አደረግሁ» 1 ወይም 2 ከሆነ ጥፋቱ የወኔ አይደለም፣ ዓረፍተ ነገሩ ከብዷል፤ ግማሹን ቁረጡለት። 10 ጥያቄ 5 ይሁን። በተቃራኒው ሁሌም የምታደርጉት ከሆነ አሳድጉት፣ አለዚያ ቃሉ ይነፍዛል። አንድን ቃል ያለማቋረጥ 30 ጊዜ ብትሉት ትርጉሙ ጠፍቶ ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ያልተለወጠ አፈርሜሽንም እያደር እንዲሁ ነው የሚሆነው።

ለሳምንታት የዘለቀ ተስፋ መቁረጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም መኖርን የመጥላት ስሜት ካለ ግን ይህ ሥራ የዓረፍተ ነገር አይደለም፣ የሐኪም ነው።

ማታ አንድ ነገር ጨምሩ። ቀን ያደረጋችሁትን ባለቀ ግሥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ በሉት፦ «ዛሬ ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ጥያቄዬን ግን ጠይቄያለሁ»። ይህን ተከራካሪው ሊነካው አይችልም። ያላደረጋችሁ ዕለት ዝም ብላችሁ ተኙ፤ ለነገ የሚሆነውን ዓረፍተ ነገር ጠዋት ታሳንሱታላችሁ።