«መረግዱን ዝለለው»

ነገሩ ዓመታት አልፎታል፤ እኔን ግን አልወጣልኝም። ደሴ ነው፣ የገና ሌሊት ማኅሌት ላይ።

የዚያን ሌሊት ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ እስከ ቅኔ ማኅሌቱ በር ደርሷል። ጉም የከበሮ ጠላት ነው። ቆዳው እርጥበት ሲጠጣ ይላላል፣ ድምፁም ይሞታል። ስለዚህ አስቀድሜ ደጀ ሰላም ወስጄ፣ ከእሳቱ ራቅ አድርጌ፣ እያገላበጥኩ አሙቄዋለሁ። መዳፌን ቆዳው ላይ አሳርፌ ለብ ሲልልኝ ነው የማነሳው። ቸኩሎ እሳት ያስጠጋው ሰው የተሰነጠቀ ቆዳ ታቅፎ ያድራል።

ያለ ከበሮ የሚዜመው ቁሙ ተባለ፣ ዝማሜው በመቋሚያ ሄደ፣ ከበሮው ዝግ ብሎ የሚመታበትን ንዑስ መረግዱን ያዝን። ፈጣኑ ምት፣ ጽፋቱ፣ የሚመጣው ከመረግዱ በኋላ ነው። ከበሮው ሁለት ነው፤ አንዱን እኔ፣ ሌላውን ጓደኛዬ ከፊት ለፊቴ። ገና ሞቅ ሊል ሲል አንድ የኮሚቴ ሰው ስልኩን እንደያዘ ከኋላዬ መጣና ጆሮዬ ሥር «መረግዱን ዝለለውና ጽፋት ግባ፤ ላይቭ ላይ ነን፣ ሰው እየወጣብን ነው» አለኝ።

ታዘዝኩ። ልጅ ነበርኩ፤ ትልቅ ሰው ሲያዝ እሺ ማለት ነው የማውቀው። ጓደኛዬ ግን የተባለውን አልሰማም። በአንዱ ከበሮ ጽፋት፣ በሌላው መረግድ! መሐል የቆሙት አባቶች እግራቸውን አንስተው የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። ጸናጽሉ አንድ በአንድ ዝም አለ። ያን ጸጥታ ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማነው ያስቸኮለህ?»

ሰውዬው አጠገቤ ነው። ስልኩን ወደ ጣሪያው አዙሮ ሥዕሎቹን ይቀርጻል። አንድ ቃል አልተነፈሰም።

«እኔው ነኝ የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«አንተማ አይደለህም። እጅህን አውቀዋለሁ። በል ከመረግዱ መልሰው።»

መለስነው። የከበሮው ሰፊ አፍ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩም የግርፋቱ ሰንበር። ይህን ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። መረግዱ ዝግ የሚለውም ሰዓት ለመሙላት አይደለም። ጉልበታቸው የደከመ አባቶች ከወጣቱ ጋር እግራቸውን የሚያገናኙት እዚያ ላይ ነው። እሱን ዘለህ ጽፋት ስትገባ ሽማግሌዎቹን ጥለሃቸው ሄድክ ማለት ነው። እኔን የከነከነኝ ይኼ ነው፤ የላይቩ ጉዳይ አይደለም።

በማግስቱ ጎረቤታችን ለእንኳን አደረሳችሁ መጣ። ሙስሊም ነው፣ መንዙማ ላይ ድቤ ይመታል። ነገሩን ከቤተ ክርስቲያን ሰው በፊት ለእሱ ነገርኩት። አቦሉን ሳይጨርስ ስኒውን አስቀመጠ።

«ያዘዘህ ሰውዬ መትቶ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን ብለህ ሰማኸው?»

ቶናው እስኪቀዳ ድረስ ዝም አልኩ።