እሱንም አስበውበት ነው

ዛሬ ጸጉር ቤት ቁጭ ብዬ ልጁ አንገቴን በማሽን እያስተካከለ "ኮሮና ምናምን የሚሉት እኮ ፋይቭ ጂ ያመጣው ነው ብሮ" አለኝ። እኔም አርፌ አልቀመጥ፣ ኮሮና እኛ ሀገር የተገኘው መጋቢት 2012 ነው፣ ፋይቭ ጂ የሚባለው የስልክ ኔትወርክ አዲስ አበባ የገባው ደሞ ግንቦት 2014፣ ታዲያ እንዴት አድርጎ ያመጣዋል? አልኩት።

ማሽኑን አጠፋው። የማሽኑ ጥርስ ውስጥ የገባውን ጸጉር በብሩሽ ጠረገ፣ እፍ እፍ አለበት፣ በመስታወቱ አየኝና "እሱንም አስበውበት ነው" አለኝ። በቃ፣ ለዚህ ምን ይመለሳል? ማስረጃ ባመጣህ ቁጥር ማስረጃው ራሱ የሴራው አካል ይሆናል 😂

ልጁ ግን ሞኝ እንዳይመስላችሁ፣ ብልጥ ነው። በኮሮና ሰሞን ደንበኛ ጠፍቶ የቤት ኪራይ ሲቆጥርበት ነው የከረመው፣ ማንን ይጠይቅ? እኤአ በ2008 ዊትሰንና ጋሊንስኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ ነገሩ ከቁጥጥራቸው እንደወጣ እንዲሰማቸው የተደረጉ ሰዎች ዝም ብሎ የተበተነ ነጠብጣብ ውስጥ የሌለ ምስል ያያሉ፣ ሴራም ቶሎ ይሸታቸዋል። እንግሊዝ ውስጥ እኮ በ2020 ሰዎች በዚሁ በፋይቭ ጂ ወሬ የስልክ ማማ አቃጥለዋል (ያውም እዛ ሀገር!)፣ ቫይረሱን የት አግኝተው ይበቀሉታል፣ ማማው ግን ሰፈራቸው ቆሞ ይታያል።