ከፍሪዘሩ የፈሰሰው ሰማያዊ ውሃ

ሐዋሳ በሚገኘው ቤተ ሙከራችን፣ ከሻላ በስተደቡብ ካለው ጪቱ ሐይቅ ከተሰበሰበው፣ ስፒሩሊና ከተባለው አልጌ፣ ፋይኮሲያኒን የተባለውን ሰማያዊ ቀለም በተሻለ መጠንና ጥራት ለማውጣት እንሠራ ነበር። ይህ ቀለም በውሃ የሚሟሟ ፕሮቲን ሲሆን ለምግብ ማቅለሚያነት ይፈለጋል።

አልጌውን አጥበን፣ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ አድርቀንና ፈጭተን በፎስፌት በፈር (የአሲድነት መጠኑ በቀላሉ በማይለዋወጥ የጨው ፈሳሽ) ብንዘፈዝፈውም የሚወጣው ፈሳሽ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነብን። ጥፋቱ ከአዘፋዘፉ ነው ብዬ ስለደመደምኩ፣ ሰዓቱን፣ የፈሳሹን መጠንና ሕዋሱን የሚሰብረውን የአልትራሳውንድ ኃይል እየቀያየርኩ ሦስት ሳምንት ፈጀሁ፤ በ620 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ የማነበው፣ የሰማያዊውን ቀለም መጠን የሚያሳየው ቁጥር ግን ፈቀቅ አላለም።

አንድ ማለዳ ዕቃ የሚያጥቡልን እናት ጠሩኝ። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስለነበር፣ ሳይደርቅ ፍሪዘር ውስጥ የቀረው ትርፍ አልጌ ቀልጦ ከከረጢቱ ፈስሷል። «ልጄ፣ ይህ ውሃ ሰማይ መስሏል፤ ልድፋው ወይስ ትፈልጊዋለሽ?» አሉኝ። «እማማ፣ እባክዎ እንዳይደፉት!» ብዬ ቢከር ይዤ ሮጥኩ።

ሦስት ሳምንት የለፋሁበትን በረዶው በአንድ ሌሊት ሠርቶት አደረ። ውሃ በሕዋሱ ውስጥ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ግድግዳውን ይሰነጥቀዋል፤ ሲቀልጥ ደግሞ ቀለሙ ከውሃው ጋር ይወጣል። ፋይኮሲያኒን ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ መበላሸት ስለሚጀምር፣ እኔ የማወጣው ቀለም መዘፍዘፊያው ዘንድ ሳይደርስ ማድረቂያው ውስጥ ጠፍቶ ነበር። የ60 ዲግሪው ልማድ የመጣው ለሽፈራው ቅጠል ከምንጠቀምበት አሠራር ነው፤ ለቅጠሉ የተስማማው ሙቀት ለአልጌው ይስማማ እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ አስቀድሞ ማንሳት የእኔ ኃላፊነት ስለነበር እስካሁን ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ እርጥቡን አልጌ ሦስት ጊዜ አቀዝቅዘንና አቅልጠን፣ ከብርሃን ሸፍነን፣ በፍጥነት እያሽከረከረ ዝቃጩን በሚለይ ቀዝቃዛ ሴንትሪፊዩጅ አጣራነው። የቀለሙን ንጽሕና ለማወቅ በ620 ናኖሜትር የተነበበው (ሰማያዊው ቀለም) በ280 ለተነበበው (ጠቅላላው ፕሮቲን) ሲካፈል፣ ለምግብ ደረጃ የሚጠበቀውን 0.7 አለፈ። አሁን የምንለካው ሦስተኛው ዙር ከሁለተኛው የሚጨምረው ቀለም ለሚፈጀው መብራት ይበቃ እንደሆነ ነው። አልጌውም ከሐይቁ ዳር ጀምሮ በበረዶ ሣጥን ይመጣል።